ቆመው የሚበሉበት ቤት

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሰዓቱን አትረሳውም፤ በታላቅ ወንድሟ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ክብ ሰዓት ልክ ፊት ለፊቷ ነበርና፣ ያን ንግግር ስትሰማ ዓይኗን የምታሳርፍበት ብታጣ እሱን አፍጥጣ አየችው። የመጣችው አሳጥራ የሰፋችውን መጋረጃ ለማድረስ ነው። በሩን እንደ ወትሮው ገርበብ ብሎ ስላገኘችው ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። ወንድሟ ቤት የለም። ሚስቱ ኩሽና ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች፤ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ሸጉጣ ከአንዷ ጋር ታወራለች፤ የቧንቧው ውሃ ስለሚጮህባት ድምፅዋን ከፍ አድርጋለች።

«ኧረ ተይኝ እባክሽ! እዚያ ቤት ምን ይበላል ብለሽ ነው? ከነጋ እስኪመሽ የስፌት መኪና ስትረግጥ የምትውል ሴት ድስት መጣድ ትዝ ይላታል? ምስኪኗን አማቴን እሁድ እሁድ እኛ ስናወጣት ባየሻት! ሳህኑን እኮ ነው የምታሟጥጠው። እኔማ አፍሬ፣ አስተናጋጁ እንዳያያት እከልላት ነበር። ሐኪሙ ልብ ነው አለ እንጂ፣ እኔን ከጠየቅሽኝ በጠኔ ነው የሄደችው።»

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ሶፋው ላይ ቀስ አድርጋ አኖረችው። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ደረጃውን ወረደች፤ ያጠለቀችው ሁለት ፎቅ ከወረደች በኋላ ነው። አንዲት ጎረቤት የገበያ ዘንቢል ይዛ ወደ ላይ ስትወጣ ጥቁር ልብሷን አይታ «እግዜር ያጥናሽ እህቴ» አለቻት። «አሜን» ብላ መውረዷን ቀጠለች።

እናቷ ከሞተች ሦስተኛ ሳምንቱ እየተገባደደ ነበር። በእነዚህ ቀናት ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሏታል፤ ግማሹን አልሰማችውም፣ ግማሹን ሰምታ ረስታዋለች። ይኼኛው ግን ጣት ውስጥ እንደተሰበረ መርፌ ገብቶ ቀረ። ውሸት ቢሆንማ ተመልሳ ገብታ፣ ቧንቧውን ዘግታ፣ ልክ ልኳን ነግራት ትወጣ ነበር። አንጀቷን የበላው ውሸት ይሁን እውነት አለማወቋ ነው። እናቷ እሷ ቤት አትበላም ነበር። ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ ከፊት ያለው የስፌት መኪናው፣ የመተኮሻ ጠረጴዛውና በየሚስማሩ የተንጠለጠለ የሰው ልብስ፤ ከኋላ ያለው ሁለት አልጋና አንድ ምድጃ። ቀን ሰባት ሰዓት ሲሆን ጨርቁን ሁሉ ወደ ዳር ትገፋና መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ልባስ ዘርግታ ትኩስ ምግብ ታቀርባለች። ሩዝ፣ ለስልሶ የበሰለ ድንች፣ ሲሆንላትም ሥጋ። እናቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ቀጠሮ እንዳላት ሰው ትቀመጣለች። ሁለት ማንኪያ ታነሳለች፤ ከዚያ ድንቹን ከሳህኑ ወዲህ ወደዚያ ታመላልሰዋለች።

«ብይ እንጂ እማዬ!»

«በልቻለሁ የኔ ልጅ።»

«የት በላሽ? አሁን እኮ ነው ያቀረብኩልሽ!»

«ልቤ ጠግቧል።» ይህን ብላ ሥጋውን አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ልጇ ሳህን ታሻግራለች። ልብስ ሰፊዋ ጨው ቀንሳ አይታለች፣ ጨምራ አይታለች፤ ምድጃው ይሆን ብላ ምድጃ ቀይራለች፤ አንድ ሰሞን ከጎረቤት የገዛችውን ምግብ ሁሉ ራሷ የሠራችው አስመስላ አቅርባላታለች። ያው ነው፤ ሁለት ማንኪያና «ልቤ ጠግቧል»። ከሁሉ ክፉው ደግሞ፣ የእናቷን ቀሚሶች በየጊዜው ከወገብ ያጠበበችው ራሷ ናት። ሌላው ሰው «ከሳች» ብሎ ያልፋል፤ እሷ ግን በሜትር ነው የምታውቀው። አፏ በመርፌ ተሞልቶ እናቷ ፊት ተንበርክካ ስትለካ፣ እናቷ ከላይ ሆና «ጨርቁ ነው እኮ እየሰፋ የሄደው፤ የዛሬ ጨርቅ ምን እምነት አለው» እያለች ትስቅ ነበር።

ወንድሟን በተመለከተ፣ ደመወዝ የሚከፈለው በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው እንጂ፣ እሱ እንደ ሙያው የሚቆጥረው በዚህ ትልቅ ከተማ ውስጥ የት እንደሚበላ ማወቁን ነው። ድልድዩ ሥር ያለው የዓሣ ቤት፣ ከሲኒማው ጀርባ ዶሮ በእሳት የሚጠብሱት ወንድማማቾች፣ አሥረኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚያስተናግደው፣ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ያለበሱት ጠረጴዛ ላይ አንድ ጭልፋ ሾርባ በሦስት ሱሪ ማሳጠሪያ ዋጋ የሚሸጠው። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ያወዳድራቸዋል፤ ባልደረቦቹ የት እንብላ ሲሉ እሱን ነው የሚጠይቁት። መለኪያው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እናቱ። እሁድ እሁድ ረፋዱ ላይ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ይወስዳትና በየሳምንቱ አዲስ ቦታ ያስቀምጣታል። እናቷ የምግብ ዝርዝሩን አንድ ዓይኗን ጨፍና በቀኝ በኩል ዋጋውን ብቻ ታነብና «ደስ ያለህን እዘዝልኝ» ትለዋለች። የቀረበላትን ታጠናቅቃለች፤ የቀረውን መረቅ በዳቦ ትጠርጋለች፤ ዳቦው ሲያልቅ ሌላ ዳቦ ታስመጣለች። ያን ጊዜ ወንድሟ ወደ ወንበሩ ደገፍ ብሎ «እማዬ ሳህኑን ባዶ ካደረገችው፣ ያለቀለት ቤት ነው!» ይላል። እሱ የላካቸው ሰዎች ግን እየተራገሙ ይመለሳሉ፤ አንዱ ዓሣውን የጫማ ሶል ነው ብሎታል። «አፋችሁ ነው የተበላሸው» ይላቸዋል፤ «እናቴ በልታዋለች።» በማግስቱ እሁድም ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ ካለበሰው ቤት የመታሰቢያ ምሳ ጠርቷል። «በጣም ትወደው የነበረ ቤት ነው» ብሎ ለየሰዉ ደውሏል። ልብስ ሰፊዋም አንዳንድ እሁድ አብራ ወጥታ ያን ዳቦና ያን መረቅ በዓይኗ አይታለች። የወንድሟ ሚስት ያላየችውን አልተናገረችም።

ቤቷ ብትሄድ ደንበኛ ይጠብቃታል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሱሪ አይሰፋም የሚል ደንበኛ የለም። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ በየመንገዱ ዞራ ወደ መናፈሻው ታጠፈች። እናቷ ጠዋት ከአራት ሰዓት በኋላ ግራጫ ሹራቧን ደርባ፣ ከዘራዋን ይዛ፣ «ሐኪሙ ጉልበትሽን አላውሺ ብሎኛል፤ መናፈሻው ውስጥ ልንሸራሸር» ብላ ትወጣ ነበር፤ የምትመለሰው ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ሲቀርብ ነው። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ትቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ማልቀስ ፈለገች። የትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም። በሩ ላይ ጉንጩን በእጁ ደግፎ የተቀመጠ ዘበኛ ስላገኘች እሱን ጠየቀችው።

«ግራጫ ሹራብ? ከዘራ የሚይዙት?» አለ ዘበኛው ፊቱ በርቶ። «እሳቸው ደግሞ መቼ ተቀምጠው ያውቃሉ! በዚህ ገብተው በዚያኛው በር ሹልክ ነው። እኔ እንዲያውም ‹እማማ፣ ይሄ መናፈሻ እኮ መናፈሻ እንጂ ማቋረጫ አይደለም› ብላቸው፣ ‹ተወኝ ልጄ፣ ሥራ ረፍዶብኛል› ብለውኝ እብስ! በዚያ ዕድሜ ሥራ! ደህና ናቸው? ሰሞኑን ጠፉብኝ።»

«በየትኛው በር ነው የሚወጡት?»

ዘበኛው በዱላው ከዛፎቹ ማዶ ያለውን ጠባብ የብረት በር አመለከታት። ስለ እናቷ ደህንነት የጠየቀውን አልመለሰችለትም። ሥራ የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። መንገዱን ስትሻገር አንድ ሐሳብ መጣባትና ለመግፋት ብትሞክር የማይገፋ ሆነ፤ እናቷ በዚያ ጉልበቷ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ የሰው ቤት እየሠራች ትበላ ነበር ማለት ነው። ልጇ ቤት ያጣችውን። እንግዲህ የወንድሟ ሚስት ይህን ብታውቅ ምን ልትል ነው?

የብረቱ በር የሚያወጣው በሁለት ረጃጅም ሕንጻዎች ጀርባ መሀል ወዳለ ቀጭን መንገድ ነው። መሬቱ እርጥብ ነው። ባዶ የለስላሳ ሣጥኖች እስከ ሰው ቁመት ተደርድረዋል፤ የሽንኩርት ጆንያ ተደግፏል፤ ከአንድ የቆርቆሮ ቱቦ የሞቀ አየር ይነፋል፤ አየሩ የተጠበሰ ሽንኩርትና የዕቃ ሳሙና ይሸታል። ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ይህን ሽታ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና እናቷ ከሥራ ስትመለስ አንገቷ ላይ ስትጠመጠም ካፖርቷ የሚሸተው ይህንኑ ነበር። እናቷ ሳህን አጣቢ ሆና ገብታ ምግብ አብሳይ ሆና እስክትወጣ ድረስ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ምግብ ቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ የምታውቀው በፊት ለፊቱ፣ በትልቁ ጎዳና በኩል፣ ባለ መስተዋቱን በር ነው። የእናቷ ጉልበት ያበጠ ጊዜ በዚያው በፊት በር ገብታ «ከዛሬ ጀምሮ እናቴ አትሠራም» ብላ ለባለቤቱ የነገረችው እሷ ናት፤ ያን ዕለት ማታም እናቷን «ሁለተኛ የምግብ ቤት ኩሽና እንዳትረግጪ» ብላ አስምላታለች። ጀርባውን ግን አይታው አታውቅም።

በሩ እንዳይዘጋ የዘይት ጣሳ ተደግፎለታል። ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ አምስት ወይም ስድስት ይሆናሉ፣ ሁሉም ቆመዋል። ሁሉም ሳህን በእጃቸው ይዘው ይበላሉ። አንዱ ምድጃ ተደግፎ፣ አንዷ ገንዳው ጠርዝ ላይ ክርኗን አስደግፋ። ነጭ ኮፍያ ያደረገ ትልቅ ሰውዬ፣ ሼፉ መሆኑ ከሆዱ ያስታውቃል፣ የጎረሰውን እያላመጠ ቀና አለ።

«እህት፣ ደንበኛ በፊት በር ነው። ገና አልተከፈተም።»

«እናቴን ፈልጌ ነው» አለች። ልትል ያሰበችው ይህን አልነበረም፤ ግን አፏ ያለው ይህን ነው፣ እናቷ በሕይወት እንዳለች ሁሉ።

ገንዳው አጠገብ ያለችው ዕድሜዋ የገፋ ሳህን አጣቢ ሳህኗን አስቀምጣ ቀረብ አለቻት። ፊቷን አየቻት፤ ከዚያ ጭኗን መታች። «ኧረ በሞቴ! የእሜቴ ጭልፋ ልጅ ናት! አገጩን እዩት፣ አገጩን!»

እናቷን እዚህ በጭልፋዋ ይጠሯት እንደነበር ልብስ ሰፊዋ ገና መስማቷ ነው። ሁሉም በአንዴ መጡባት። «የት ጠፋች? ጉልበቷ ነው አይደል? ብያለሁ እኮ ጉልበቷ ነው ብዬ!» አለች ሳህን አጣቢዋ። «ሽንኩርቱን እያለቀስን የምንልጠው እኛ ነን በያት።» «ጭልፋዎትን ለማንም አልሰጠንም በልያቸው» አለ ሌላው። «ሼፉ ጨው እንዳበዛ ተቆጪ ጠፍቶ ደንበኛ ሊያልቅብን ነው በያት።» ሼፉ «አንተ ዝም በል፣ ያንተ ሩዝ ነው ሲሚንቶ የሆነው» አለና ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ በመሀላቸው ቆማ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። መጀመሪያ ያስተዋለው ሼፉ ነው። ዓይኑ ከጥቁር ሻሿ ወደ ጥቁር ቀሚሷ ወረደ። ሳህኑን ምድጃው ላይ አስቀመጠ።

«መቼ ነው?» አለ።

ነገረቻቸው። ሌሊት በእንቅልፏ መሆኑን፣ ሐኪሙ ልቧ ደክሞ ነበር ማለቱን፣ ሳትጨነቅ መሄዷን። ሳህን አጣቢዋ ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሳች፤ ከሽርጡ ጀርባ «ወይኔ እናቴን፣ ወይኔ እናቴን» ስትል ቆየች። ከዚያ ሽርጡን አወረደችና ተቆጣች። «ሰው እንዴት አይነገረውም? በየቀኑ አብረናት የበላን ሰዎች! እንኳን እኛ፣ ባለቤቱ ቤቱን ዘግቶ ይቀብራት ነበር!»

«ትመጣ እንደነበር አላውቅም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መናፈሻ እየተንሸራሸረች ነበር የመሰለኝ። ሥራ... እዚህ ሥራ ትሠራ ነበር?»

«የምን ሥራ!» አለች ሳህን አጣቢዋ። «ልትበላ ነዋ የምትመጣው።»

ይህን ስትሰማ ልብስ ሰፊዋ የበሩን መቃን ያዘች። ልትበላ። እንግዲያው እውነት ነው። እናቷ ከልጇ ቤት ወጥታ፣ ያበጠ ጉልበቷን እየጎተተች፣ መናፈሻ አቋርጣ፣ በጓሮ በር ምግብ ልትለምን ትመጣ ነበር። ፊቷ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን ሼፉ ክንዷን ያዛትና ወደ ውስጥ አስገባት።

«አይ፣ አይ፣ እንደሱ አይደለም። ቆይ ላስረዳሽ» አለ። «እኛ ከተማውን ስድስት ሰዓት ላይ የምናበላ ሰዎች ስድስት ሰዓት ላይ አንበላም። እንዴት ብለን? የምንበላው አሁን ነው፣ አምስት ሰዓት፣ በሩ ሳይከፈት። ደግሞ ቆመን ነው። እዚህ ወንበር ፈልጊ፣ አታገኚም። ከተቀመጥሽ ትእዛዝ ተቀምጠሽ ያገኝሻል። ሲለመድ ሆድሽ ራሱ ሰዓት ያውቃል። የኔ ሆድ አምስት ሰዓት ሲሆን ይጮሃል፣ ስድስት ሲያልፍ ይቆለፋል። እረፍት ቀን ሚስቴ ወንበር ስባ ቁጭ በልና ብላ ስትለኝ ሆስፒታል የተኛሁ ነው የሚመስለኝ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ እሳቸውን አስቢያቸው! እኔን ቢላ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ሥራ ባቆመች በወሩ ነው ተመልሳ የመጣችው» አለች ሳህን አጣቢዋ ዓይኗን እየጠረገች። «እዚሁ በር ላይ ቆማ ‹ልጄ ምግቧ ግሩም ነው፤ ግን ቀን በሰባት ሰዓት ወንበር ላይ ገትራ ታበላኛለች፤ አልወርድ አለኝ› አለችን። ሳህን ሰጠናት። ሁለት ሳህን ሙሉ! ከዚያ በኋላ ቀርታ አታውቅም። ‹በነጻማ አልበላም› ብላ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሼፉን ትሰድባለች፣ ትሄዳለች።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ኩሽና እንዳትረግጥ አስምለሻታል አሉ። እሷ ደግሞ ‹አልረገጥኩም፣ በሩ ላይ ነኝ› እያለች እዚህች መቃን ላይ ነበር የምትቆመው።» ሳህን አጣቢዋ ልብስ ሰፊዋ ቅድም ይዛው የነበረውን መቃን በአገጯ አሳየቻት። «‹ልጄ ካወቀች ምግቧን የናቅሁባት ይመስላታል፤ ቀኑን ሙሉ ጎብጣ ሰፍታ ነው የምታበስልልኝ፤ ሁለት ማንኪያ ልብላላት› ትል ነበር።»

«እየከሳች ነበር እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሁሉን አውጥታ መጨረስ ፈልጋለች። «ቀሚሷን ያጠበብኩት እኔ ነኝ።»

«እሷ ደግሞ መቼ ወፍራ ታውቃለች? ከተቀጠርኩ ጀምሮ ክር ናት! ያን ሁሉ የት እንደምታደርገው እያልን ስንት ቀን ተወራርደናል።»

«ያረጀ ሰው ይኮማተራል፣ እህቴ» አለ ሼፉ በቀስታ። «በረሃብ አይደለም። የዚያን ሰሞን ዓርብ፣ የመጨረሻዋ ዓርብ መሆኗ ነው እንግዲህ፣ ሁለት ሳህን በልተው ሦስተኛ ልጨምር ስል ‹ልትገድለኝ ነው?› አሉኝ።» የተናገረው ሲገባው ደነገጠ፤ አፉን በእጁ ከደነ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሳቅ አመለጣት። ሳቁ አብሮት ለቅሶ ይዞ መጣ፤ ሁለቱም እኩል ሲፈሱ፣ ከደረቷ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ነገር፣ ምናልባትም ከዓመታት ጀምሮ የተቀመጠው ነገር፣ ተነስቶ ሲሄድ ተሰማት። እናቷ ጠግባ ነበር። «በልቻለሁ» ስትላት እውነቷን ነበር።

ማንም ሳይጠይቃት ሳህን ሰጧት። ከድስቱ ሥር የተጨለፈ ሥጋ፣ ከጎኑ ሩዝ፣ በርግጥም ሲሚንቶ የመሰለ። መቃኑን ተደግፋ በላች። በሦስት ሳምንት ውስጥ የምትበላውን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ከወዲያኛው ክፍል አስተናጋጁ «ተከፍቷል!» ብሎ ጮኸ፤ በአንድ አፍታ ሳህኖቹ ገንዳ ገቡ፣ እሳቱ ከፍ አለ፣ ሁሉም በየቦታው ሆነ። እሷ ከእግራቸው ላለመግባት ወደ ውጭ ስትወጣ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እሁድስ?» አለች። «እሁድም ትመጣ ነበር?»

«እሁድማ ዝግ ነን» አለ ሼፉ ከምድጃው ሳይዞር። «እሁድ ልጃቸው ያወጣቸዋል። ሰኞ ሲመጡ ‹የት ወሰደዎት? ምን አበላዎት? ይንገሩን፣ እኛም ሙያ እንማር› ስንላቸው ‹ምኑን አውቄው፣ ርቦኝ ነበር› ነው መልሳቸው። ‹ልጄ ስበላ ሲያየኝ ደስ ይለዋል› ይላሉ።»

ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላውን የሰው ሱሪ ስታሳጥር ዋለች። እጇ ቀለላት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናውን ሸፍና ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያወዛውዛት፤ ይህን ነገር ብትናገር ወንድሟ ምን ይቀረዋል? እሱም እናቱን ነው የቀበረው። የያዘው እነዚያን እሁዶች ነው። ዝም ብትል ደግሞ ያ የኩሽና ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ነገ ነጭ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ዘመድ ሁሉ እሷን ቀና ብሎ አያያትም። ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ እስክትደርስ አልቆረጠችም።

መጋረጃው ተሰቅሏል። የወንድሟ ሚስት በሩን የከፈተችላት ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ ነው፤ መጋረጃውን ሶፋው ላይ ካገኘችበት ሰዓት ጀምሮ ማን እንደሰማት ገብቷታል። ጠረጴዛው ላይ ያልቀረበ ነገር የለም፤ ሦስት ሰው ሳይሆን ሠርገኛ የምትጠብቅ ይመስላል። ወንድሟ ለነገው ምሳ የሰው ቁጥር በስልክ እያረጋገጠ ነው። ሲጨርስ ተቀመጡ። የወንድሟ ሚስት ሳህኑን ሞልታ ከልብስ ሰፊዋ ፊት አስቀመጠች።

«ብይ እንጂ እህት ዓለም። ምነው?»

«በልቻለሁ።»

የወንድሟ ሚስት ይህን ቃል በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከማንም አፍ ሰምታው አታውቅም ነበርና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የት በላሽ?» አለች ሹክ ባለ ድምፅ።

ልብስ ሰፊዋም ከዚያ ወዲያ መያዝ አልቻለችም። መናፈሻውን፣ የብረት በሩን፣ ጣሳውን፣ ሳህን አጣቢዋን፣ መቃኑን፣ ሁለቱን ሳህን ነገረቻቸው። የኩሽናውን የስልክ ወሬ ግን አላነሳችውም። ወንድሟ ሳያቋርጣት ሰማ።

«እሁድስ?» አለ።

«እሁድ ዝግ ናቸው።»

አቀረቀረ። ሚስቱ እጇን ልትዘረጋለት ብላ መልሳ ሰበሰበችው። «የድልድዩ ዓሣ?» አለ ሳይቀና።

«ርቧት ነበር፣ ጋሼ።»

«ጣሪያው ላይ ያለውስ? ያ ቅመም የበዛበት?»

«ርቧት ነበር።»

«ከሲኒማው ጀርባ... ያን እኮ እኔ ራሴ አልጨረስኩትም!»

«ጋሼ፣ ርቧት ነበር።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ሰበርኩት ብላ ከወንበሯ ስትነሳ ቀና አለ፤ እየሳቀ ነበር። «አለቃዬን እኮ ልኬዋለሁ!» አለ ትንፋሹ እያጠረው። «ከነሚስቱ! በጋብቻቸው ዓመት በዓል! በእናቴ ምስክርነት የጫማ ሶል አብልቼዋለሁ! ሚጢ፣ ሰውዬው እስከ ዛሬ በደንብ ሰላም አይለኝም!» ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ቀብር ላይ እንባ ያልወጣው ሰው እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ከዚያም ሳቁ ሄደና ለቅሶው ብቻ ቀረ፤ እህቱ ጭንቅላቱን ሆዷ ላይ አስደግፋ ቆመች። «ስበላ ሲያየኝ ደስ ይለዋል ነው ያለችው» አለችው። «ይህን ብላለች?» «ብላለች።» «ይሁን» አለ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። «ይሁን፣ ደስ ይለኝ ነበር።»

የወንድሟ ሚስት ያልተነካውን ምግብ ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። ቧንቧውን ከፈተችው። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ውሃውን በሚበልጥ ድምፅ «መጋረጃው ልክ ሆኗል» አለች። «በጣም ልክ ሆኗል። እጅሽ ይባረክ።»

ልብስ ሰፊዋ «መስኮቱ ላይ ይለቅልሽ» አለች።

የእሁዱ ምሳ ተሰረዘ። ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ዘመዶቹ በዚያ ቀጭን መንገድ ከሣጥኖቹ ጎን ተሰልፈው፣ በየእጃቸው ሳህን ይዘው በሉ። አንድ አጎት ሰው እንደ ፈረስ ቆሞ አይበላም ብሎ አኩርፎ ነበር፤ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ። የወንድሟ ሚስት ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም። ግን ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት፣ ስለ አማቷ የተነሳ እንደሆነ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምታወራው እሷ ናት፤ ከልብስ ሰፊዋ አሳምራ ነው የምታወራው፤ ያን ቅዳሜ ጓሮው በር ላይ ራሷም እንደነበረች አድርጋ።